ሞተሯን ከመቀየራችሁ በፊት ዘንጓን እዩ

ጎንደር ውስጥ የመኪና በር መቆለፊያ፣ የስፖኪዮ ማጠፊያ ወይም የተማሪ ፕሮጀክት ላይ ያለች ባለ 12 ቮልት አክቹዌተር (በሞተር ኃይል ዘንግ እየገፋችና እየሳበች ዕቃ የምታንቀሳቅስ መሣሪያ) እንቢ ስትል ቶሎ የሚፈረደው ሞተሯ ላይ ነው። "ተቃጥላለች፣ ቀይራት!" ብዙ ጊዜ ግን ያለቀው ዘንጓ ላይ ያለው ስስ ቅብ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ዘንጉን ከሞተሩ አላቁትና በእጅ ግፉት። ሞተሩ ለብቻው በደንብ እየዞረ ዘንጉ ከከበደ ችግሩ ሰበቃ ነው።

ምልክት፦ ቆም ብሎ፣ ዘሎ ይሄዳል

ምክንያቱ የቴፍሎን ቅብ መላጡ ነው። ቴፍሎን ላይ ዘንጉን ከቆመበት ለማስነሳት የሚፈጀው ጉልበትና እየሄደ የሚፈጀው ተቀራራቢ ነው። ባዶ ብረት ላይ ግን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ዘንጉ ይያዛል፣ ከዚያ ይፈነጠራል።

ዘንጉን በንጹህ ጨርቅ ጠርጉና ፀሐይ ላይ አዙራችሁ እዩት። በአንድ ጎን ብቻ ረዘም ያለ የብረት መስመር የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ጥፍራችሁም ጠርዙ ላይ ከተያዘ፣ ቅቡ ሄዷል። ዘንጉን ቀይሩ፤ ቡሹንም (ዘንጉ በውስጡ የሚንሸራተትበትን ቀለበት) አብራችሁ፣ ምክንያቱም በአንድ ጎን የበላው እሱ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት! ይህ ቅብ ብዙ ጊዜ ከ30 ማይክሮን (0.03 ሚሊሜትር) አይበልጥም። ሁለቴ ከፈተጋችሁት የተረፈውም ያልቃል።

ምልክት፦ በበጋ ይንቋቋል፣ ጥቁር ጭቃ ያወጣል

ግራሶ ሲበዛ አቧራ ይይዛል። አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ ከተራ ብረት ይጠነክራል፤ ቅቡን እየሞረደ ይጨርሰዋል። በአልኮል አጽዱ፣ ከዘንጉ ላይ አቧራ የሚጠርገው የጎማ ቀለበት አለመሰንጠቁን አረጋግጡ። ደረቅ ቅብ ላለው ዘንግ ግራሶ አትጨምሩ።

ምልክት፦ ክረምት ሲገባ ይከብዳል

ጥቁር ግራጫ ደረቅ ቅብ ካለው ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ ሊሆን ይችላል። ይህ ቅብ የጠፈር መሣሪያዎች ላይ ሳይቀር የሚሠራ ግሩም ነገር ነው፣ ግን እርጥበት አይወድም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ሰበቃው ይጨምራል፣ ቶሎም ያልቃል። ሳጥኑን በደንብ አሽጉ። ግራፋይት ተቃራኒው ነው፤ ለማለስለስ እርጥበት ይፈልጋል።

ዘንጉ አኖዳይዝድ (ገጹ በኤሌክትሪክ እንዲጠነክር የተደረገ) አሉሚኒየም ሆኖ የናይለን ዳዶው ብቻ እየተበላ ከሆነ፣ የዘንጉ ገጽ ሻካራ ነው ማለት ነው። ለስላሳ ዘንግ ሳትፈልጉ ዳዶ ብቻ መቀያየር ብር ማባከን ነው።

ስትጨርሱ ሥራ ላይ እያለች የምትስበውን አምፔር ለኩና ሳጥኗ ላይ በማርከር ጻፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ ገና ሳትቆም ዘንጉን ታዩታላችሁ።