የሂሉክስ ቪጎ ቼክ ኢንጂን እየጠፋ ሲመለስ፦ መለዋወጫ ከመግዛታችሁ በፊት

ቼክ ኢንጂን (ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት) በራ፣ ጋራዥ ወሰዳችሁት፣ ስካነር ተሰክቶ ጠፋ፣ ከፍላችሁ ወጣችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ መጀመሪያ ያገኛችሁት ዳገት ላይ እንደገና በራ። ከዛ ሴንሰር ቀይሩ ተባላችሁ፣ ቀየራችሁ፣ አሁንም በራ። ሰው ብሩን የሚጨርሰው እዚህ ጋ ነው፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ኮድ (ኮምፒዩተሩ የመዘገበውን የችግር ቁጥር) ማጥፋት ጥገና አይደለም፣ እንደውም ኮዱ ሲጠፋ ችግሩ ሲፈጠር የተመዘገበው መረጃ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሳይነበብና ወረቀት ላይ ሳይጻፍ ማንም እንዳያጠፋባችሁ፣ ባትሪም እንዳይነቅልባችሁ።

የማወራው በተለይ ስለ ሂሉክስ ቪጎ ነው፣ በፈረንጅ ከ2004 እስከ 2015 የተመረተው፣ ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ 2ኬዲ ሞተሩ። ባለ 3.0ው 1ኬዲም አብዛኛው ነገር ያው ነው።

መጀመሪያ መብራቱ ራሱ መሥራቱን እዩ። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ መብራት አለበት፣ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለበት። ያገለገለ ልትገዙ ከሆነና ቁልፍ ተከፍቶ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሎ ወይ ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ዳሽቦርዱ ሳይታይ ብር አትክፈሉ።

ቀጥሎ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ጻፉ፣ ይሄ ከስካነሩ እኩል ይጠቅማል። ጠዋት በቀዝቃዛው ነው ወይስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ? ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ብቻ ነው? ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ በርቶ ጉልበት ካጣ፣ ሜዳ ላይ ግን ምንም ካልሆነ፣ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ሲፈልግ አይደርሰውም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ናፍጣው የሚመጣበትን መንገድ ቀድማችሁ ጠርጥሩ። ነዳጅ በቀዳችሁ ማግስት ከመጣ ውሃ ወይ ቆሻሻ ገብቶ ይሆናል። ላቫጆ ሞተሩን በፕሬዠር ካሳጠባችሁ በኋላ ከመጣ ሶኬት ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል፣ ምንም ሳትገዙ ሶኬቶቹን እየነቀላችሁ አድርቁ። ኮረኮንች ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የላላ ወይ የተላጠ ሽቦ ፈልጉ።

ኮድ ለማንበብ ስልክ ላይ በብሉቱዝ የሚሠራው ትንሹ ስካነር ለብዙ መኪና ይበቃል፣ ግን ለአፍሪካና ለገልፍ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ናፍጣ ቪጎዎች ርካሹን ስካነር አይመልሱለትም፣ ይሄ ሲሆን ስካነሩም መኪናውም ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ቶዮታን በደንብ የሚያነብ ስካነር ያለው ጋራዥ ሂዱ፣ ወይ በሽቦ አንብቡ። ከመሪው ስር ያለውን ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ሰፊው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ እዩት፣ ላይኛው ረድፍ ከግራ 1 ብሎ እስከ 8፣ ታችኛው ከግራ 9 ብሎ እስከ 16 ነው። ቁልፉ ተዘግቶ እያለ 4ን ከ13 ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙ፣ ከዛ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። 16 ቁጥር ቀጥታ የባትሪ ፖዘቲቭ ነው፣ እሱን በስህተት ከነካችሁ ቫልቮላ ወይም ከዛ የባሰ ነገር ታቃጥላላችሁ፣ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለኤሌክትሪሺያን ተዉት። የኤቢኤስና የኤርባግ መብራትም አብረው ብልጭ ድርግም ሊሉ ይችላሉ፣ እናንተ ቼክ ኢንጂኑን ብቻ ቁጠሩ። ሰባቴ ብልጭ ብሎ ትንሽ ቆም ካለ በኋላ ስምንቴ ካለ 78 ነው። ሳያቋርጥ እኩል ቶሎ ቶሎ የሚል ከሆነ የተመዘገበ ኮድ የለም።

22 የሞተር ሙቀት ሴንሰር፣ 24 የሚገባው አየር ሙቀት ሴንሰር፣ 12ና 13 የካምና የክራንክ ሴንሰር መስመር፣ 49 ሬይሉ (የተጨመቀው ናፍጣ ለኢንጄክተሮቹ የሚከፋፈልበት የብረት ቱቦ) ላይ ያለው የናፍጣ ግፊት ሴንሰር መስመር፣ 78 ደግሞ የናፍጣ ፓምፕና የግፊት ጉዳይ ነው፣ በስካነር ፒ1229፣ ፒ0627 ወይ ፒ0093 ሆኖ ይመጣል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ኮድ የሚነግራችሁ ሰፈሩን ነው እንጂ ቤቱን አይደለም። 22 መጣ ማለት ሴንሰሩ ሞተ ማለት አይደለም፣ ሽቦው ተቆርጦም ሶኬቱ ዝጎም ያው 22 ነው የሚለው።

ከሁሉ በፊት ባትሪና መሬቱን (ኔጋቲቩ ከሞተርና ከቦዲ የሚገናኝበትን) ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ መሆን አለበት። ዲናሞው ደክሞ ወይ የባትሪው ጫፍ ነጭ ዱቄት ይዞ ኮምፒዩተሩ እርስ በርስ የማይገናኙ ኮዶች በአንዴ ሲያወጣ ታያላችሁ፣ ያኔ ሴንሰር በሴንሰር መቀየር ብር መጣል ነው፣ ጫፉን አጽድቶ ማጥበቅ አንዳንዴ ጉዳዩን ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ 78 ልምጣ፣ በቪጎ ላይ ሰው ብዙ የሚሰቃየው በሱ ስለሆነ። ጋራዥ ፓምፕ ወይ ኢንጄክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨውን) ቀይሩ ብትባሉም እናንተ ከፊልትሮ ጀምሩ። ሞተሩን አጥፉ፣ ከናፍጣ ፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻ ትንሽ አላሉ፣ ባዶ ሃይላንድ ደቅኑና አናቱ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እየተጫናችሁ አንድ አራተኛ ያህል ሙሉ። ሃይላንዱን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ውሃ ካለ ከስር ይተኛል፣ መሃል ላይ ጥርት ያለ መስመር ታያላችሁ፣ ጥቁር ደቃቅ ነገር ከሆነ ደግሞ ታንከሩ ራሱ መታጠብ አለበት። ውሃ ከወጣ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ከጀሪካን መቅዳትም ተዉ። መቼ እንደተቀየረ የማታውቁት ፊልትሮ ከሆነ ውሃ ባይኖርም ቀይሩት፣ ከምትገዙት ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

ከፊልትሮው በኋላ አየር። የእጅ ፓምፗን ስትጫኑ እየጠነከረች መጥታ መቆም አለባት፣ ሁልጊዜ ለስላሳ ከሆነች ወይ ጠዋት መኪናው ብዙ ከርክሮ የሚነሳ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር ይስባል። ከፊልትሮ ወደ ፓምፕ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ለጊዜው ብርሃን በሚያሳልፍ የናፍጣ ቱቦ ተክታችሁ ሞተሩን አስነሱ፣ አረፋ ሳያቋርጥ ካለፈ ፓምፑ ጥፋተኛ አይደለም፣ ፋሻና ቱቦ ነው የምትቀይሩት። ይሄ ሁሉ ዝቅተኛ ግፊት ያለበት ጎን ነው። ከፓምፑ በኋላ ወደ ሬይልና ኢንጄክተር የሚሄዱትን የብረት ቱቦዎች ግን ሞተር እየሠራ በፍጹም አትፍቱ፣ ሲያፈስም በእጃችሁ አትዳስሱ፣ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይሄዳል፣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ፊልትሮውም ቱቦውም ደህና ሆኖ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ ሲሠራ) ሞተሩ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ወይ ሲሞቅ በድንገት ጠፍቶ ትንሽ ሲያርፍ ከተነሳ፣ ናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለውን የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ጠርጥሩ፣ መካኒኮቹ ኤስሲቪ የሚሉት። ሶኬቱን ነቅላችሁ በሜትር ስትለኩት 2 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ግን ልኩን አሳይቶም ውስጡ ሊይዝ ስለሚችል ልኬቱ ብቻውን ደህና ነው አያሰኝም። ቫልቩ ብቻውን ይቀየራል፣ ሙሉ ፓምፕ ግዙ ካሏችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቅርጹ ይለያያል፣ ኮፒውም ከኦሪጅናሉ ተመሳስሎ ነው የሚሸጠው፣ በዚህ ዕቃ ላይ ርካሽ አትፈልጉ። ሲፈታ አካባቢው በደንብ መታጠብ አለበት፣ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ፓምፑን ይጨርሰዋል።

ኢንጄክተር የመጨረሻው ነው። ስካነሩ ለእያንዳንዱ ኢንጄክተር የሚጨመረውን ወይ የሚቀነሰውን ናፍጣ ያሳያል፣ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ቁጥሩ ከ3 በላይ ወይ ከ-3 በታች የሄደውን ነው የምታስመረምሩት፣ አራቱንም በጅምላ ቀይሩ የሚል ካለ ቁጥሩን አሳየኝ በሉት። ኢንጄክተር ከተነቀለ ደግሞ ከስሩ ያሉት የመዳብ ዋሸሮች በአዲስ ይቀየሩ፣ በተለይ 1ኬዲ ላይ እነሱ ሲያሳልፉ ጥላሸቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ከዛ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይበላሻል።

ቤንዚን 2.7 የያዛችሁ ደግሞ መብራቱ ፒ0171 (ነዳጁ ለአየሩ አነሰ የሚል ኮድ) ብሎ ከተመላለሰ የአየር ቱቦዎቹን ስንጥቅና የአየር መለኪያውን ቆሻሻ ቀድማችሁ እዩ። እየነዳችሁ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አንዱ ሲሊንደር እየዘለለ ነው፣ አትግፉት፣ ካንዴላና ኮይል አሳዩ።

አንዱን ነገር ቀይራችሁ ሳትፈትኑ ሌላ አትቀይሩ። ከቀየራችሁ በኋላ ኮዱን አጥፉና መብራቱ ይመጣ በነበረበት ሁኔታ ንዱት፣ ዳገት ላይ ከነበረ ያንኑ ያህል ጭናችሁ ያንኑ ዳገት፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ከነበረ አሳድራችሁ። ስትመለሱ መብራቱ ባይበራም በስካነር ድጋሚ አንብቡ፣ ያልጸና ግን የተመዘገበ ኮድ ካለ መብራቱ ከመምጣቱ በፊት ታገኙታላችሁ። የጻፋችሁትን ወረቀት፣ ኮዱን፣ ሰዓቱን፣ የተቀየረውን ዕቃ፣ ጋቢና ውስጥ አኑሩት፣ ሌላ መካኒክ ጋ ብትሄዱ ከዜሮ አይጀምርባችሁም።