ሲዝን 2 ይመጣል ወይስ ቀረ? የሱፐርሂሮ ተከታታይን ዕጣ ጣና ዳር ተቀምጦ መገመት

ሲዝኑ አልቋል፣ የመጨረሻው ክፍል ነገሩን አንጠልጥሎት ሄዷል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ከፔዳ እስከ ዓባይ ማዶ ያለው ወዳጅ ደግሞ ግማሹ «ይቀጥላል»፣ ግማሹ «አበቃለት» ይላል። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ሁሉም ምን ያህል እንደወደደው ስለሚያወራ ነው። ኩባንያው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ስንት ሰው እስከ መጨረሻው አየው? ስንት ወጣበት? ጀግናውስ የማን ንብረት ነው? ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከ5 እስከ 8 ሰው ላለው ቡድን የሚሆን ነው። የተጠቀሱት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ማየቱ

ኔትፍሊክስ አዲስ ሥራ የሚለቀው በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ይህ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ከኖቬምበር መግቢያ አንስቶ እስከ ማርች ሁለተኛ ሳምንት ባለው ጊዜ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 5 ሰዓት ይሆናል። ሁሉም ኩባንያ ግን እንዲህ አይደለም። «ዴርዴቪል፦ ቦርን አጌን» በዲዝኒ ፕላስ ማርች 4 ቀን 2025 ሲጀምር አሜሪካ ማክሰኞ ማታ ነበር፤ ባሕር ዳር ላይ ረቡዕ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ቀኑን ብቻ ሳይሆን «በማን ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። ያለዚያ አንዱ ቀድሞ ያያል፣ ሌላው ጨዋታው ይበላሽበታል።

ዳታውን አስቀድማችሁ አስሉት። ኔትፍሊክስ በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋ፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ ይበላል። ስልክ ላይ ዳታ ቆጣቢውን ከመረጣችሁ አንድ ጊጋ ወደ 6 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እያንዳንዱ 50 ደቂቃ የሆነ 8 ክፍል በድምሩ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። በኤችዲ 20 ጊጋ ሊደርስ ይችላል፤ በመደበኛ ጥራት 7 ጊጋ አይሞላም፤ በቆጣቢው ከአንድ ጊጋ እምብዛም አያልፍም። መብራትና ኔትወርክ ስለማይታመኑ ቀድሞ ማውረድ ይሻላል፤ ግን አንዳንዱ የወረደ ክፍል ማጫወት ከጀመራችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ «እንዴት እንደሚጀምር ልየው» ብላችሁ ሁሉንም አትክፈቱ።

አሁን ብዙዎች የሚስቱት ነገር። ኔትፍሊክስ በ2019 ለብሪታንያ ፓርላማ ኮሚቴ በጻፈው ደብዳቤ ተመልካችን በሦስት ከፍሎ ነበር፦ ቢያንስ 2 ደቂቃ ያየ ጀማሪ፣ የአንዱን ክፍል 70 በመቶ ያየ ተመልካች፣ የሲዝኑን 90 በመቶ ያየ ጨራሽ። የሚቆጠሩትም በመጀመሪያዎቹ 7 እና 28 ቀኖች ነው። እስቲ አስሉት፦ ክፍሎቹ እኩል ርዝመት ካላቸው፣ ከ8 ክፍል 7ቱን ያየ ሰው 87.5 በመቶ ላይ ስለሆነ ጨራሽ አይባልም። «የመጨረሻውን ለቅዳሜ አቆየሁት» ብሎ ሁለት ወር የቆየ አድናቂ፣ ከሒሳቡ አንጻር ተከታታዩን ጥሎ እንደሄደ ሰው ነው። ስምንት ሰው አንድ ሳሎን ውስጥ በአንድ አካውንት ሲያይም የሚመዘገበው አንድ ዕይታ ነው። ከቴሌግራም የወረደው ወይም በፍላሽ የዞረው ጭራሹን አይታይም። ተከታታዩ እንዲቀጥል የምትፈልጉ ከሆነ ድግሱን ለክርክሩ አድርጉት፤ ዕይታውን ግን የራሱ አካውንት ያለው ሁሉ በራሱ፣ በ28 ቀን ውስጥ ይጨርሰው።

ቁጥሩን ማንበብ

ኔትፍሊክስ በየማክሰኞው የምርጥ 10 ዝርዝሩን ያወጣል፤ ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ ደረጃ የሚሰጠው በ«ዕይታ» ነው፤ ይህም የታየው ጠቅላላ ሰዓት ለሲዝኑ ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለምሳሌ ያህል 10 ሰዓት የሚረዝም ሲዝን 40 ሚሊዮን ሰዓት ቢታይ 4 ሚሊዮን ዕይታ አለው። 5 ሰዓት የሚረዝመው ደግሞ 30 ሚሊዮን ሰዓት ቢታይ 6 ሚሊዮን ዕይታ አለው። በሰዓት የተበለጠው በዕይታ በለጠ ማለት ነው። ክርክር ላይ «40 ይበልጣል ከ30» የሚል ሰው ካለ እርሳስና ወረቀት ስጡት።

የሳምንቱን ቀን አትርሱ። ሐሙስ የተለቀቀ ሥራ የመጀመሪያ ሳምንቱ 4 ቀን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሙሉ 7 ቀን አለው። ሁሉም ክፍል በአንድ ቀን የተለቀቀለት ተከታታይ በ7 ቀን ያገኘው በ4 ቀን ካገኘው ካነሰ መጥፎ ምልክት ነው። በየሳምንቱ አንድ ክፍል የሚለቀቀው ግን በሌላ መንገድ ይነበባል፤ እዚያ የምትፈልጉት ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ተመልካቹ መጨመሩን ነው።

የአሜሪካው ተመልካች ቆጣሪ ኩባንያ ኒልሰን የሚያወጣው ዝርዝር በደቂቃ ነው፣ ወደ አንድ ወር ገደማ ይዘገያል፣ የሚቆጥረውም አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን የታየውን ብቻ ነው። ስልክ የለበትም፤ እኛም የለንበትም። በዚያ ላይ የአንድን ተከታታይ አሮጌና አዲስ ሲዝን አንድ ላይ ይደምራል፤ ስለዚህ ሦስተኛ ሲዝን ላይ ያለውን ከጀማሪው ጋር እዚያ ላይ ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ከቁጥሩ ውጭ ያሉ ምልክቶች

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ግምት የሚበላሸውም የሚሠምረውም በዚህ ነው።

ትልቁ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የኔትፍሊክሱ «ዴርዴቪል» ሦስተኛው ሲዝን ኦክቶበር 19 ቀን 2018 ወጣ፣ ተወደደ፣ በ41ኛው ቀን ተሰረዘ። «ሉክ ኬጅ» እና «አይረን ፊስት» በዚያው ኦክቶበር ሄደው ነበር፤ «ጄሲካ ጆንስ» እና «ዘ ፐኒሸር» ፌብሩዋሪ 2019 ላይ ተከተሉ። ጀግኖቹ የማርቬል ናቸው፣ ማርቬል የዲዝኒ ነው፣ ዲዝኒ ደግሞ የራሱን ዲዝኒ ፕላስ ሊከፍት ሽር ጉድ ላይ ነበር፤ ኖቬምበር 2019 ላይም ከፈተ። ለተፎካካሪ ዕቃ ማከማቻ መሆን የሚፈልግ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «የሚያሳየው ኩባንያ የጀግናው ባለቤት ነው?» ይሁን። አይደለም ከሆነ፣ ባለቤቱ የራሱ ማሳያ አለው ወይስ የለውም?

ሁለተኛው፣ ሥራው ከመታየቱ በፊት የተሰጠ ውሳኔ ነው። «ዘ ቦይስ» በጁላይ 2019 ገና ሳይጀምር ሁለተኛ ሲዝኑ ታዝዞለት ነበር። በተቃራኒው «ስዋምፕ ቲንግ» ሜይ 31 ቀን 2019 ጀምሮ ጁን 6 ተሰረዘ፤ ቀድሞውንም ከ13 ክፍል ወደ 10 ተቆርጦ ነበር። በስድስት ቀን የተመልካች ቁጥር ማንም አይፈርድም፤ ፍርዱ ቀድሞ ያለቀ ነበር። የክፍል ቁጥር መቀነሱን በቀረጻ ወቅት ከሰማችሁ ከግምታችሁ ላይ ቀንሱ።

ሦስተኛው ተዋንያን ናቸው። የ«ጁፒተርስ ሌጋሲ» ተዋንያን ከውላቸው መለቀቃቸው የተሰማው ሥራው በወጣ በወር ውስጥ ነው። «ተሰርዟል» የሚል ቃል ባይነገርም፣ ከውሉ የተለቀቀ ተዋናይ ሌላ ሥራ ይይዛል። አንድ ተዋናይ ሌላ ፊልም ላይ መታየቱ ብቻውን ግን ምልክት አይደለም፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

አራተኛው ሽልማት የተመዘገበበት ዘርፍ ነው። «ዋንዳቪዥን» በ2021 ኤሚ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ላይ የቀረበው በአጭር፣ በተወሰነ ተከታታይ ዘርፍ ነበር፤ ይህ ዘርፍ ታሪኩ ያበቃ ነው የሚል መልእክት አለው። «ሎኪ» ግን ጁላይ 2021 በሲዝን 1 የመጨረሻ ክፍል ላይ፣ የስም ዝርዝሩ መሐል፣ ሁለተኛ ሲዝን እንደሚመጣ ራሱ ተናገረ። የስም ዝርዝሩ ሲጀምር ሪሞት የምታነሱ ልብ በሉ።

ስለ ዝምታም አንድ ቃል። «ፒስሜከር» በጀመረ በ34ኛው ቀን ሁለተኛ ሲዝን ተፈቀደለት፣ «ዋሪየር ነን» ሁለተኛ ሲዝኑ በወጣ በ33ኛው ቀን ተሰረዘ። ሁለቱም በወር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት «ዝም ስላሉ አበቃለት» ማለት ችኮላ ነው። ሦስት ወር ያለፈው ዝምታ ግን ሊከብዳችሁ ይገባል።

ክርክሩን ማካሄድ

ሐይቁ ዳር ተከታታይ ለማየት አይመችም፤ ከውኃው የሚመለሰው ፀሐይ ስክሪኑን ያጠፋዋል። ለመከራከር ግን ማንጎ ፓርክን የመሰለ የለም። ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ወረቀቱ ላይ ጠጠር አድርጉበት፤ የጣና ንፋስ ለግምት አይራራም።

መጀመሪያ ሰብሳቢው እያንዳንዱን «እስከ ስንተኛው ክፍል አይተሃል? አይተሻል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ያልጨረሰ ካለ ስለ ታሪኩ ማውራት ይቁም፣ ስለ ቁጥሩ ይቀጥል። ከዚያ ቡና ካለ ሥርዓቱ ራሱ ይመራችኋል፦ በአቦሉ ቁጥር ብቻ፣ በቶናው ምልክቶቹ፣ በበረካው ግምት። በአቦሉ ላይ «ግን እኮ ምርጥ ነበር» ያለ ሰው ስኒ ይሰብስብ።

ግምቱ በቃል አይሁን። እያንዳንዱ ከ100 ቁጥር ይጻፍ፤ 70 ማለት «የመቀጠሉ ዕድል 70 በመቶ ነው» ማለት ነው። ሳትተያዩ ጻፉ፤ ያለዚያ ሁሉም ድምፁ የጎላውን ይከተላል። ወረቀቱን ሰብሳቢው በፖስታ ያሽግ። ውሳኔው ሲታወቅ ልዩነቱን በራሱ አባዙት፦ ከቀጠለ ከ100 ላይ ግምታችሁን ቀንሱ፣ ከተሰረዘ ግምቱን እንዳለ ውሰዱ። 90 ብሎ የቀጠለለት 10 ሲባዛ በ10፣ 100 ነጥብ ይያዝበታል፤ 90 ብሎ የተሰረዘበት 8,100። 60 ያለው ሲሳካለት 1,600፣ ሲሳሳት 3,600። አነስተኛ ያለው ያሸንፋል። ማባዛቱ የሚጠቅመው ሁልጊዜ በእርግጠኝነት የሚጮኸውን ሰው በሦስት በአራት ተከታታይ ውስጥ ስለሚያወጣው ነው።

«የመጨረሻ ሲዝን» መባልንና መሰረዝን አስቀድማችሁ ለዩ። «ዘ ቦይስ» በአምስተኛው ሲዝን እንደሚያበቃ የተነገረው አራተኛው ሊጀምር ሲል በ2024 ነው፤ ይህ በዕቅድ መጨረስ ነው። ሌላ ሲዝን ስለተሰጠው ለግምቱ «ቀጥሏል» ብላችሁ ቁጠሩት። በሌላ መልክ መመለስም አለ፦ የ«ዋሪየር ነን» አድናቂዎች ወራት ከጮኹ በኋላ ጁን 2023 ላይ እንደሚመለስ፣ ኦገስት ላይ ደግሞ የሚመለሰው በፊልም መልክ መሆኑ ተነገረ። ይህ ሲዝን ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ተስማሙበት፣ ፖስታው ላይም ጻፉት፤ ቀኑንም ጨምሩ፤ እስከዚያ ቀን ምንም ካልተባለ እንደተሰረዘ ይቆጠር። ከሲዝኑ መጨረሻ 12 ወር ተገቢ ነው።