የጌም ማውስ ስትመርጡ ከዲፒአይ በፊት እጃችሁን ለኩ

የጌም ማውስ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ አይኑ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዲፒአይ የሚባል የፍጥነት ቁጥር ላይ ነው፣ 16000፣ 26000፣ 30000 ምናምን ይላል፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ማውሱም የሚሻል የሚመስለው ሰው ደግሞ በጣም ብዙ ነው። እኔ ግን ማንም ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነው፣ ዲፒአይ መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው፣ ቀድሞ የሚታየው ማውሱ እጃችሁ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። እንቅስቃሴውን የሚያነበው ሰንሰር የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን ቅርጹ ካልሆናችሁ ልኩ ባልሆነ ጫማ እንደ መሮጥ ነው፣ ትሮጣላችሁ ግን ሀሳባችሁ ሁሌ እግራችሁ ላይ ነው።

ስለዚ ማስመሪያ አምጡና እጃችሁን ለኩ። ጣቶቻችሁን ገጥማችሁ መዳፋችሁን ዘርጉትና አንጓችሁ ላይ መዳፍ ከሚጀምርበት መስመር ተነስታችሁ እስከ መሃል ጣታችሁ ጫፍ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ ያዙ፣ ከዛ ወርዱን፣ አውራ ጣትን ሳትጨምሩ አራቱ ጣቶች ከመዳፍ ጋር የሚገናኙበት ጋ ያለውን ስፋት ማለቴ ነው። ቁርጥ ያለ ሕግ የለውም ግን በግምት ርዝመቱ ከ17 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ትንሽ እጅ፣ ከ17 እስከ 20 አካባቢ መካከለኛ፣ ከ20 ካለፈ ትልቅ ይባላል። አብዛኛው የጌም ማውስ ርዝመቱ ከ11.5 እስከ 13 ሴንቲሜትር ባለው ውስጥ ስለሆነ በወረቀት ሲታይ ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፣ እጅ ላይ ሲመጣ ግን ግማሽ ሴንቲሜትር እንኳ በደንብ ትታወቃለች።

ከእጃችሁ መጠን እኩል ወሳኙ ነገር አያያዛችሁ ነው። ሶስት አይነት አያያዝ አለ ይባላል። ፓልም የሚባለው መዳፍ ሙሉ በሙሉ ማውሱ ላይ ተኝቶ ጣቶችም ተዘርግተው ሲቀመጡ ነው። ክሎው ደግሞ የመዳፋችሁ የኋላው ክፍል ብቻ የማውሱን ቂጥ ይነካና ጣቶቻችሁ ወደ ላይ ቆልመም ብለው በጫፋቸው ይጫናሉ። ፊንገርቲፕ ላይ መዳፍ ጭራሽ አይነካም፣ ማውሱን የያዙት የጣት ጫፎች ብቻ ናቸው። የናንተ የትኛው እንደሆነ አስባችሁ አትመልሱ፣ ምክንያቱም ዝም ብለን ስንይዝና ጨዋታው ሲጋጋል ስንይዝ አንድ አይደለም፣ ብዙ ሰው ፓልም ነኝ ብሎ ያስባል ፋይት ውስጥ ሲገባ ግን ጣቱ ቆልመም ብሎ ክሎው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጥሩው ዘዴ እየተጫወታችሁ ልክ የሆነ ውጊያ እንዳለቀ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ዝቅ ብሎ ማየት ነው፣ ወይ ስልካችሁን ጎን ላይ አቁማችሁ ቪዲዮ ቅረጹት።

ፓልም የሚይዝ ሰው ርዘም ያለና ጀርባው ሞላ ያለ ማውስ ነው የሚስማማው፣ መዳፉ የሚያርፍበት ያስፈልገዋላ። ክሎው ለሚይዝ ጉብታው ወደ ኋላ የሆነ ይሻላል፣ የመዳፉን ኋላ ደገፍ ስለሚያደርግለት። ፊንገርቲፕ ደግሞ አጠር፣ ዝቅና ቀለል ያለ ይፈልጋል። ከዚ ሌላ የሚመጣው ጥያቄ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ኤርጎ ቅርጽ ነው ወይስ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ የሚለው ነው። ከ2006 ጀምሮ ያለው የሬዘር ዴዝአደርና የዞዊ ኢሲ ሲሪስ የኤርጎ ምሳሌ ናቸው፣ ቀኝ እጅ ዘና ብሎ ነው የሚተኛባቸው። የሎጂቴክ ጂ ፕሮ ኤክስ ሱፐርላይትና የሬዘር ቫይፐር ደግሞ ግራ ቀኛቸው እኩል ነው። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው፣ በሁለቱም አይነት ትልልቅ ውድድር ላይ የሚጫወቱ አሉ። ግራኝ የሆናችሁ ግን አንድ ነገር አስተውሉ፣ ቅርጹ እኩል ነው ማለት ለግራ እጅ ተሰርቷል ማለት አይደለም፣ አብዛኞቹ የጎን ቁልፍ ያላቸው በግራ ጎናቸው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለቀኝ እጅ አውራ ጣት የተሰራ ነው፣ ስለዚ በሁለቱም ጎን ቁልፍ ያለው ወይ ለግራ እጅ ብሎ የተሰራ ፈልጉ።

በእጃችሁ ይዛችሁ የመሞከር እድል ካገኛችሁ፣ የጓደኛም ቢሆን፣ እንዲህ አድርጉ። ስትጫወቱ እንደምትይዙት ያዙትና ትንሿ ጣታችሁን ተመልከቱ፣ ማውሱ ላይ ቦታ አጥታ ጠረጴዛው ላይ የምትጎተት ከሆነ ወይ በቀለበት ጣት ስር ተቆልፋ የምትቀመጥ ከሆነ ማውሱ ጠቧችኋል። ቀጥሎ ከጠረጴዛው ብድግ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ጎን ወስዳችሁ አስቀምጡት፣ ይሄን ደጋግሙት። ለማንሳት ጨመቅ ማድረግ ካስፈለጋችሁ ወይ ጎኖቹ ወደ ላይ እየጠበቡ ከእጃችሁ የሚያሟልጭ ከሆነ በቃ ለናንተ አይሆንም፣ በተለይ ሴንሲቲቪቲያቸውን፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ ያለውን የማውስ ፍጥነት፣ ዝቅ አድርገው የሚጫወቱ ሰዎች ማውስ የሚያነሱት በጣም ብዙ ጊዜ ስለሆነ ይሄ ነገር አንጓቸውን ይጨርሰዋል። አውራ ጣታችሁንም እዩት፣ ዝም ብላችሁ ስትይዙ የጎኑ ቁልፍ ላይ ተጭኖ የሚያርፍ ከሆነ ጨዋታ መሃል ሳታስቡት ቦምብ መወርወራችሁ አይቀርም። መጨረሻ ላይ ጎንና ጎኑን ጨመቅ ጨመቅ፣ ጆሯችሁ ስር ደግሞ ነቅነቅ አድርጉት፣ ደህና የተሰራ ማውስ ሲጫኑት አያቃስትም ውስጡም አይንኮሻኮሽም።

ክብደት። ለሹቲንግ ጌም ቀላል ማውስ ይሻላል፣ ከ80 ግራም በታች ቢሆን ጥሩ ነው፣ አሁን ከ60 በታችም ሞልቷል። ቀላል ማውስ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይቆማል፣ ረጅም ሰዓት ስትጫወቱም እጅ አይዝልም። ግን ከ60 ወደ 50 ለመውረድ ብላችሁ የማይመቻችሁን ቅርጽ እንዳትገዙ፣ አስር ግራም ቅርጽን አይተካም። ስትራቴጂና ኤምኤምኦ (ብዙ ሰው በኦንላይን አንድ ዓለም ውስጥ የሚጫወተው) ጌም ለሚጫወት ሰው ደግሞ ክብደቱ ያን ያህል ሊያሳስበው አይገባም።

አሁን ወደ ዲፒአይ እንምጣ። ዲፒአይ 800 ነው ማለት ማውሱን አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲሜትር ስታንቀሳቅሱት ለኮምፒውተሩ 800 ቆጠራ ይልካል ማለት ነው፣ በቃ ይሄው ነው። ፍጥነት እንጂ ጥራት አይደለም። በ30000 ዲፒአይ ማንም ሰው አይጫወትም፣ ማውሱን ነካ ስታደርጉት ጠቋሚው ስክሪኑን አቋርጦ ይሄዳል፣ ሹቲንግ ጌም ላይ ጠንክረው የሚጫወቱት በአብዛኛው ከ400 እስከ 1600 ባለው ውስጥ ናቸው። ዋናው ነገር ዲፒአዩና ጌሙ ውስጥ ያለው ሴንሲቲቪቲ ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ነው። ለምሳሌ ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ 800 ዲፒአይ በ1 ሴንሲቲቪቲ ብትጫወቱ ሙሉ ዙር ለመዞር ማውሱን 52 ሴንቲሜትር አካባቢ መጎተት አለባችሁ፣ 1600 ዲፒአይ አድርጋችሁ ሴንሲቲቪቲውን 0.5 ብታደርጉትም ያው 52 ነው። ለዚህ ነው የጓደኛችሁን ዲፒአይ ብቻ ጠይቃችሁ መኮረጅ ምንም የማይጠቅመው።

ጥራት ያለው ሰንሰሩ ላይ ነው። ሰንሰር ማለት ማውሱ ስር ያለች ትንሽ ካሜራ ነገር ናት፣ የተቀመጠችበትን ቦታ በሰከንድ ብዙ ሺ ጊዜ እያነሳች አንዱን ፎቶ ከቀጣዩ ጋር አነጻጽራ የት እንደሄዳችሁ ታውቃለች። ደካማ ሰንሰር ማውሱን በኃይል ስትወረውሩት መከታተል ያቅተውና ጠቋሚው ወይ ይቆማል ወይ ወደማይታወቅ አቅጣጫ ይፈናጠራል። ፒክስአርት የሚባለው የታይዋን ካምፓኒ የሚሰራቸው 3360፣ 3370፣ 3395 እና 3950፣ እንዲሁም የሎጂቴክ ሂሮ፣ እነዚህ ሁሉ በሰው እጅ ፍጥነት የሚሸነፉ አይደሉም። የሰንሰሩ ስም ከነዚህ አንዱ ከሆነ ስለ ሰንሰር ማሰብ አቁሙና ወደ ቅርጹ ተመለሱ። ስሙ ጭራሽ ካልተጻፈና ትልቅ ዲፒአይ ብቻ ከተለጠፈበት ግን ተጠንቀቁ፣ አንዳንዱ ቁጥሩን የሚያበዛው በሶፍትዌር አባዝቶ ነው። መሞከር ከቻላችሁ ጌም ውስጥ ገብታችሁ ግድግዳ ላይ ያለች አንድ ነጥብ ላይ አነጣጥሩ፣ ማውሱን በፍጥነት ወደ ጎን ወርውራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ነበረበት መልሱት፣ ጥሩ ሰንሰር ነጥቧ አጠገብ ይመልሳችኋል፣ ደካማው ሌላ ግድግዳ ያሳያችኋል። ማውሱ ጎን ማስመሪያ ብታስቀምጡና የማውሱን መነሻ ምልክት ብታደርጉ ደግሞ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይሄን ስትሞክሩ አክስለሬሽን፣ መጨረሻ ላይ የማነሳው የዊንዶውስ ሴቲንግ፣ መጥፋቱን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ጥሩውም ሰንሰር የተሳሳተ ይመስላችኋል።

ፖሊንግ ሬት የሚባለው ማውሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ለኮምፒውተሩ ሪፖርት እንደሚያደርግ ነው። የተለመደ የቢሮ ማውስ 125 ኸርዝ ነው፣ በየ8 ሚሊሰከንዱ ማለት ነው፣ 1000 ኸርዝ በየ1 ሚሊሰከንዱ፣ 8000 ኸርዝ በየ0.125። ከ125 ወደ 1000 ያለው ልዩነት እጅ ላይ ይሰማል። ከ1000 በላይ ያለውን ግን ፈጣን ሞኒተርና ጉልበት ያለው ፕሮሰሰር ከሌላችሁ አትድከሙለት፣ 8000 ላይ ሲሆን ፕሮሰሰሩን ስለሚያስጨንቅ አንዳንድ ጌም ላይ ጭራሽ ፍሬም ሊያስጥል፣ ማለትም ምስሉን ሊያቆራርጥ ይችላል፣ ዋየርለስ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ቶሎ ነው የሚበላው።

ዋየርለስ ለጌም አይሆንም የሚለው ነገር ጊዜው አልፎበታል። በራሱ 2.4 ጊጋኸርዝ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ) የሚሰራ ደህና ዋየርለስ ከባለገመዱ የሚለየው በምንም የማይሰማ ነገር ነው። ብሉቱዝ ግን ሌላ ነው፣ ለስራ ይሆናል፣ ለጌም ግን ይዘገያል፣ ስለዚ ብሉቱዝ ብቻ ያለውን ማውስ ለጌም አትግዙ። ዶንግሉን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አትሰኩት፣ የዩኤስቢ 3 ፖርቶች ራሳቸው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ ስለሚለቁ ሲግናሉን ያበላሹታል፣ አብሮ የሚመጣውን ማራዘሚያ ተጠቅማችሁ ማውስፓዱ አጠገብ አምጡት፣ ብዙ ጊዜ ማውሴ ይቆራረጣል የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ይቺ ብቻ ናት። ባለገመድ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ገመዱን በእጃችሁ እጠፉት፣ ለስላሳ ሆኖ የሚተኛ መሆን አለበት፣ ደረቅ ሆኖ ቅርጹን ይዞ የሚቀር ገመድ ማውሱን እየጎተተ ያበሳጫችኋል።

ክሊኩን አትናቁት። ማውስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው እዛ ጋ ነው፣ ተለምዷዊው ስዊች፣ ከቁልፉ ስር ክሊኩን የሚቀበለው ክፍል፣ ውስጡ ትንሽ የብረት ምላስ አለችው፣ ስትለፋ አንዴ ተጭናችሁ ሁለቴ መቁጠር ትጀምራለች፣ ደብል ክሊክ የሚሉት በሽታ ይሄ ነው። ኦፕቲካል ስዊች የሚሰራው በብርሃን ስለሆነ እዚህ በሽታ ውስጥ አይገባም፣ ረጅም ጊዜ ልገለገልበት ለሚል ሰው እሱን እመርጣለሁ። ያገለገለ ማውስ ስትገዙ ደግሞ አንድ ፋይል ክሊክ አድርጋችሁ ይዛችሁ ስክሪኑ ላይ በቀስታ አዙሩት፣ መሃል መንገድ ላይ ከለቀቀው ስዊቹ አልቋል። ስክሮሉንም በዝግታ ወደ ታች አዙሩት፣ ገጹ በመሃል ወደ ላይ ከዘለለ እሱም አልቋል።

የቁልፍ ብዛት እንደምትጫወቱት ነው። ለሹቲንግ ሁለት የጎን ቁልፍ በቂ ነው፣ ለሞባም (ሁለት ቡድን ጀግኖች መርጦ ለሚዋጋበት ጌም) ያው ነው፣ ለኤምኤምኦ ግን እንደ ሬዘር ናጋ ጎኑ ላይ 12 ቁልፍ ያለው አለ፣ ከባድ ቢሆንም እዛ ላይ ዋጋ አለው። የመብራቱን ነገር ዝለሉት። ሶፍትዌሩ ግን ሴቲንጉን ማውሱ ውስጥ ማስቀመጥ የሚችል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩትም የናንተው ሴቲንግ ይመጣል።

ከገዛችሁ በኋላ መጀመሪያ የምታደርጉት ዊንዶውስ ላይ ማውስ ሴቲንግ ገብታችሁ ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን የሚለውን ማጥፋት ነው፣ አክስለሬሽን ማለት እሱ ነው፣ እሱ ካልጠፋ ያው እንቅስቃሴ እንደ ፍጥነቱ የተለያየ ርቀት ይሄድና እጃችሁ መልመድ አይችልም። ጌሙ ውስጥ ሮው ኢንፑት የሚል ካለ አብሩት፣ የማውሱን እንቅስቃሴ ዊንዶውስ ሳይነካው በቀጥታ የሚወስድ ነው። ማውሱ ስር ያሉት እግሮች ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎ ከመጣ ላጡት፣ ብዙ ሰው ሳያየው ይቀርና ማውሱ አይንሸራተትም ይላል። ከዛ ዲፒአይ 800 ላይ አድርጋችሁ ሴንሲቲቪቲውን አስተካክሉና ቢያንስ ሳምንት ሳትነካኩት ተጫወቱ፣ አዲስ ቅርጽ መጀመሪያ ቀን ላይ ለሁሉም ሰው እንግዳ ነው። ሳምንት አልፎም አንጓችሁን ወይ አውራ ጣታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ግን እለምደዋለሁ ብላችሁ አትቆዩ፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መልሱት፣ ለዚህም ካርቶኑንና ውስጡ ያለውን ነገር ሁሉ እስከዛ አትጣሉ።