ራስ ዳሸን ለምትወጡ፦ ቁልቁለቱንም ተለማመዱ

ለራስ ዳሸን የሚዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ ዳገት ብቻ ይለማመዳል። ጭን የሚጨርሰው ግን ቁልቁለቱ ነው። ጨነቅ ከሚባለው የድንኳን ማደሪያ ተነስታችሁ በቧሂት ተራራ በኩል 4,200 ሜትር ገደማ ከወጣችሁ በኋላ መንገዱ ወደ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር ዳገት። ስትወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም፣ ያልለመደ ጭን በማግስቱ ደረጃ እንኳ አያስወርድም። ዋናው ጫፍ የሚወጣው ደግሞ በማግስቱ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ ከ8 ሳምንት በፊት ጀምሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ደረጃ፦ ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ከታች እስከ ላይ 12 ሜትር ያህል ስለሆነ 25 ምልልስ 300 ሜትር ይሆናል። ስትወርዱ ቀስ ብላችሁ፣ ጉልበታችሁን ሳትገትሩ። ቅዳሜ ወይም እሁድ እንጦጦ ላይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ። ሸክሙን በ3 ኪሎ ጀምሩና በየሳምንቱ 1 ኪሎ ጨምሩ። ሸክሙ ውሃ ይሁን፦ ባለ 1 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሲሞላ አንድ ኪሎ ነው፤ ጉልበታችሁን ካመማችሁ ውሃውን ዳገቱ ጫፍ ላይ ደፍታችሁ ቀልላችሁ ትወርዳላችሁ።

ጫማው የምትሄዱበት ራሱ ይሁን። ጥፍር የሚጠቁረው እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጫፉን ስለሚመታ ነው፤ ከመውረዳችሁ በፊት ክሩን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ።

ጉልበተኛ ስለሆናችሁ ከፍታው አይምራችሁም። ሰውነታችሁ እንዲለምደው ከጨነቅ በፊት ባሉት ማደሪያዎች፣ ሳንቃበርና ግጭ፣ እያደራችሁ እለፉ። ራስ ምታት ላይ ማቅለሽለሽ ከታከለ ወደ ላይ አትቀጥሉ፤ መንገዳገድ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ውረዱ።