ራም ስትገዙ የምትሸወዱባቸው ነገሮች

"ለላፕቶፕ የትኛው ራም ብራንድ ነው አሪፍ?" የሚለኝ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፣ እኔም ሁሌ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ላፕቶፕህ ምንድነው? እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው ዝም የሚለው። ላፕቶፑ ምን አይነት ራም (ፕሮግራሞች ሲሰሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) እንደሚቀበል ሳያውቁ ብራንድ መምረጥ የመጀመሪያው ስህተት ነው። አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበልም፣ አዳዲሶቹ ማክቡኮችና እንደ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን ያሉት ስስ ላፕቶፖች ራማቸው ቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ የገዛችሁትን የምትሰኩበት ቦታ የለም። ሌላውን ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ጋ ገብታችሁ ስሎቱ (የራም መሰኪያው) ስንት እንደሆነና ስንቱ እንደተያዘ እዩ።

ዲዲአር የሚለው ከነቁጥሩ የራሙን ትውልድ ነው የሚናገረው፣ ዲዲአር3 ዲዲአር4 ላይ አይገባም፣ ጥርሱ መሀል ያለው ቁርጥ ቦታው ይለያያል፣ ስለዚህ እምቢ ካለ በግድ አትግፉት። ተንኮለኛው ግን ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ነው፣ ሁለቱም ቁጭ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ይገባሉ፣ ግን የመጀመሪያው 1.5 ቮልት ሁለተኛው 1.35 ቮልት ነው። ፕሮሰሰራቸው ኢንቴል 4ኛ ጀነሬሽን የሆኑ ላፕቶፖች የሚፈልጉት 1.35ቱን ስለሆነ ሌላኛውን ከከተታችሁ ጥቁር ስክሪን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ስቲከሩ ላይ ፒሲ3 ከሚለው ቀጥሎ "ኤል" መኖሯን ሳታዩ ብር አታውጡ።

አሁን ወደ ብራንዱ። ስቲከሩ ላይ ስሙ ያለው ሁሉ ራሱ የሰራው ይመስለናል፣ አይደለም። በዓለም ላይ አብዛኛውን የሜሞሪ ቺፕ የሚያመርቱት ሶስት ናቸው፣ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን። ኪንግስተን ራሱ ቺፕ ገዝቶ ገጣጥሞና ፈትሾ ነው የሚሸጠው፣ ይሄ ነውር አይደለም፣ ኪንግስተን ጥሩ ነው፣ ግን የሚኮርጁትም ታዋቂውን ስም ስለሆነ ስሙን ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም። ክሩሻል ደግሞ የማይክሮን የራሱ ነበር፣ "ነበር" ያልኩት ማይክሮን በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2025 ለተራ ተጠቃሚ መሸጡን ሊያቆም እንደሆነ ስላስታወቀ ነው፣ ምክንያቱም የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን እየጠረጉት ነው። ዋጋውም በዛው ነው የተሰቀለው፣ ዋጋ ሲሰቀል ደግሞ ኮፒው ይበዛል።

ሌላው "ዩዝድ አልገዛም" የሚለው ኩራት ነው። እኔም ነበረብኝ። ለቲንክፓድ ቲ480ዬ ባለ 8 ጊጋ ስፈልግ አንዱ ሱቅ ከዴል ላፕቶፕ የተፈታ ሃይኒክስ አውጥቶ አሳየኝ፣ እኔ ግን ጎኑ የነበረውን በፕላስቲክ የታሸገ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን አዲስ መረጥኩ። ሶስት ሳምንት ሰራ። ከዛ ብሉ ስክሪን፣ ዊንዶውሱ ነው ብዬ ፎርማት፣ ደግሞ ብሉ ስክሪን፣ ደግሞ ፎርማት፣ ራሙን የጠረጠርኩት ሁለት ጊዜ ፋይሌን ኮፒ ሳደርግ ካደርኩ በኋላ ነው። ራም እንደ ባትሪ በአጠቃቀም የሚደክም ነገር አይደለም፣ ከጥሩ ላፕቶፕ የተፈታ ሳምሰንግ ወይ ሃይኒክስ ከማይታወቅ አዲስ በብዙ ይሻላል ባይ ነኝ። ብቻ ቺፖቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ሁሉም ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ አይነት መሆን አለበት፣ ከተፋቀ ወይ ምንም ካልተጻፈበት ተዉት።

ፍጥነቱ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ባለ 3200 ገዝታችሁ ቲ480 ላይ ብትሰኩት በ2400 ነው የሚሰራው፣ ላፕቶፑ ከዛ በላይ አያውቅም። ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት ባለ 8 ማድረግ ግን በተለይ ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ለሆነ (የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው) ላፕቶፕ ልዩነቱ ይታያል።

ሱቅ ውስጥ ዊንዶውስ ተከፍቶ "ይኸው 16 ብሏል" ሲሏችሁ እሺ ብሎ መውጣትም ስህተት ነው፣ ያ ማለት ራሙ ታወቀ ማለት እንጂ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሜምቴስት86 የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ቤት ስትገቡ ሌሊቱን ሙሉ ልቀቁት፣ አንዲት ኤረር እንኳ ካወጣ መመለስ ነው። ስለዚህ በስንት ቀን መመለስ እንደምትችሉ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ "ችግር የለም እኛ አለን" የሚባለው ነገ የሚሰራ ነገር አይደለም።

ከአሜሪካ ለምታስመጡ ደግሞ፣ የዕድሜ ልክ ዋራንቲ የሚለው ደስ ይላል፣ ግን ሲበላሽ መልሶ የሚወስድላችሁ ሰው መፈለግ አለባችሁ። ስታዝዙም "ራም 16 ጊጋ" ብላችሁ አትላኩ፣ ኤስኦ-ዲም (የላፕቶፕ ራም ማለት ነው)፣ ዲዲአር ስንት ብላችሁ የድሮውን ስቲከር ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። የጓደኛዬ አክስት ከዋሽንግተን ድረስ ተሸክመው ያመጡለት የዴስክቶፕ ነበር፣ ርዝመቱ የላፕቶፑን ራም እጥፍ ነው፣ እሳቸው ቅር እንዳይላቸው "እትዬ በጣም ፈጠነልኝ" ብሏቸው ራሙ እስካሁን ቁምሳጥን ውስጥ ነው።