በባሕር ዳር ጂሞች ሳንጠየቅ ስንመክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጂም ውስጥ ሰው ሰውን መምከሩ በራሱ አይከፋም። “ወገብህን ጠብቅ” የሚል ጎረቤት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ነገር የሚበላሸው ምክሩ ከሌላ ስፖርት ሲመጣ ነው።

እዚህ ባሕር ዳር ሁለት ዓይነት ብረት አንሺዎች አንድ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ባር ይጋራሉ። ፓወርሊፍተሮቹ ስኳት (ባር ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ቤንች ፕሬስ (አግዳሚ ላይ ተንጋሎ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) እና ዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ይሠራሉ። ኦሎምፒክ ላይ የምናየውን ክብደት ማንሳት የሚወዱት ደግሞ ስናች (ባሩን ከመሬት በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማድረስ) እና ክሊን ኤንድ ጀርክ (መጀመሪያ ትከሻ ላይ፣ ከዚያ “ጀርክ” በሚባለው ክፍል ከራስ በላይ ማድረስ) ይሠራሉ። ላላወቀ ሰው አንድ ይመስላሉ። ደንባቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ሲያርም ብዙ ጊዜ የሚያርመው ትክክል የሆነውን ነው።

ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቁ ማረም

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ስኳት ላይ ነው። ፓወርሊፍተሩ ባሩን ከትከሻው አናት ዝቅ አድርጎ ጀርባው ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ ዳሌውን ወደኋላ ገፍቶ ደረቱን ዘንበል ያደርጋል። ይህን ያየ የስናች ሰው “ወንድምዓለም፣ ቀና በል እንጂ፣ ወገብህን ልትሰብር ነው” ይለዋል። ልጁ ግን ያጠፋው ነገር የለም። ባሩ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ፣ ክብደቱ ከእግሩ መሃል እንዳይወጣ ደረቱ የግድ ዘንበል ማለት አለበት። ቀና በል ያሉት ቀን ሚዛኑ ይጠፋበታል።

ተራው ይገለበጣል። ክብደት አንሺው እስከ ታች ቁጢጥ ሲል፣ ጉልበቱም ከጣቶቹ አልፎ ሲሄድ ፓወርሊፍተሩ ዝም አይልም። “ኧረ ጉልበትህን ጨረስከው!” ይላል። ያ ልጅ ግን ስናች ሲሠራ ባሩን የሚቀበለው እዚያው ታች ሆኖ ነው። እዚያ መቀመጥ ካልለመደ ስናቹ አይኖርም። በፓወርሊፍቲንግ ደግሞ የዳሌው እጥፋት ከጉልበቱ አናት ዝቅ ካለ ይበቃል። ከዚያ በታች መውረድ ምንም አያስጨምርም። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከማረም በፊት “ለምንድን ነው የምትሠራው?” ብሎ መጠየቅ ይህን ሁሉ ንትርክ ያስቀራል።

ጀርባን ማጉበጥ “ማጭበርበር ነው” ማለት

ቤንች ላይ ጀርባውን ቀስት አድርጎ የሚገፋ ሰው ሲታይ ክብደት አንሺዎች ይስቃሉ። ደንቡ የሚለው ጭንቅላት፣ ትከሻና መቀመጫ አግዳሚውን ይንኩ፣ እግርም መሬት ይርገጥ ነው። ቀስቱ አልተከለከለም። የዓለም አቀፉ ፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ክርን ቢያንስ እስከ ትከሻ ከፍታ መውረድ አለበት የሚል ደንብ ጨምሯል። ቅሬታ ካለ መልሱ እዚያ አለ።

“በእጅህ ግፋው” ማለት

ይህ የፓወርሊፍተሮች ስህተት ነው። ቤንች ላይ ጠንካራ የሆነ ሰው ጀርክ ያቃተውን ልጅ ሲያይ “ክንድህ ነው የደከመው፣ ጨክነህ ግፋ” ይለዋል። ጀርክ ግን ባሩን ወደ ላይ የሚልከው በእግር ነው። ክንድ ታጥፎ ቆይቶ ቀስ እያለ ክብደቱን ገፍቶ ቢዘረጋ ዳኞች አይቆጥሩለትም። ምክሩን የሰማ ልጅ ጂም ውስጥ ያነሳውን ውድድር ላይ ያጣዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ወጣቶቹ ትልቅ ክንድ ያለውን ሰው ያምናሉ።

ባር ሥር ያለን ሰው ማናገር፣ ከኋላው መቆም

ከሁሉም አደገኛው ይኸኛው ነው። ሌሎቹ ስህተቶች ጊዜ ያባክናሉ። ይህ ግን አጥንት ይሰብራል።

አንድ ከሰዓት ሐይቁ አካባቢ ባለ ጂም ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ስናች ልትሠራ ተዘጋጅታለች። አውራ ጣቷን ባሩ ላይ አስተኝታ በሌሎቹ ጣቶች ጨብጣዋለች። መዳፏ በቾክ ነጭ ሆኗል። አንድ ትልቅ ሰው፣ ቤንች ላይ የሚታወቁ፣ እጃቸውን ዘርግተው ከኋላዋ ቆሙ። “አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አለሁ” አሏት። ልጅቷ ባሩን ለቀቀችና ዞር ብላ “ጋሼ፣ ይራቁልኝ እባክዎ። ካቃተኝ ወደኋላ ነው የምጥለው፣ እርስዎ ላይ ያርፋል” አለቻቸው። እሳቸውም ገብቷቸው ግድግዳው ጋ ሄዱ። ሁለተኛው ሙከራዋ ላይ ባሩ እውነትም ወደኋላ ወደቀ። የወደቀው እሳቸው ቆመውበት የነበረው ቦታ ላይ ነበር።

ስናችም ሆነ ጀርክ ላይ ከኋላ ሰው አይቆምም። ያቃተው ሰው ባሩን ጥሎ ራሱን ያተርፋል፣ ለዚያም ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ቤንች ላይ ተቃራኒው ነው። ባሩ ደረቱ ላይ የቀረበት ሰው የሚያመልጥበት የለውም። ስለዚህ የሚያነሳለት ሰው ራስጌው መቆም አለበት። የቆመውም ቢሆን “ያዝ!” እስኪባል ወይም ባሩ መውረድ እስኪጀምር አይንካ። ውድድር ላይ ረዳት ከነካው ሙከራው ይወድቃል።

ወሬውስ? ሰውየው ትንፋሹን ሰብስቦ ባር ሥር ከገባ በኋላ “ቆይ፣ እግርህን ሰፋ አድርግ” አይባልም። ባሩ ተመልሶ እስኪቀመጥ ጠብቁ።

ኪሎ ማወዳደር

“አንተ የምታነሳውን እኔ እሟሟቅበታለሁ” የሚባለው ነገር ትርጉም የለውም። ጆርጂያዊው ክብደት አንሺ ላሻ ታላካድዜ እ.ኤ.አ. በ2021 ታሽኬንት ላይ በስናች 225፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ 267 ኪሎ አንስቷል። ኢራናዊው ፓራሊምፒክ ፓወርሊፍተር ሲያማንድ ራህማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሪዮ ፓራሊምፒክ ቤንች ላይ 310 ኪሎ ገፍቷል። ማን ይበልጣል? ጥያቄው ራሱ አይሠራም።

“የእናንተ ኦሎምፒክ ላይ የለም” የሚለው ስድብም ይቅር። እርግጥ ክብደት ማንሳት እ.ኤ.አ. በ1896ቱ የአቴንስ ኦሎምፒክም ነበር፣ ፓወርሊፍቲንግ ኦሎምፒክ አልገባም። ፓራሊምፒክ ላይ ግን በቤንች ፕሬስ አለ። ደግሞም ክብደት አንሺዎች ራሳቸው እስከ እ.ኤ.አ. 1972 ድረስ ፕሬስ (ባሩን ቆሞ በክንድ ከራስ በላይ መግፋት) የሚባል ሦስተኛ ውድድር ነበራቸው። አንሺዎቹ ወደኋላ እየተጋደሙ ሲገፉ ዳኞች መዳኘት ስላቃታቸው ቀረ። የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽኑ የተመሠረተው በዚያው በ1972 ነው። እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው።

“በጾም ብረት አይነሳም” ማለት

ይነሳል። ሽሮ፣ ምስርና ሽምብራ ፕሮቲን አላቸው። የሚያነሳውን ኪሎ መቀነስ ያለበት ሰው ራሱ ያውቀዋል። ጾመኛን “ሥጋ ካልበላህ አትለፋ” ማለት የሥልጠና ምክር አይደለም።

ስለ ወለሉ ዝም ማለት

እስካሁን አትናገሩ ስል ነበር፣ እዚህ ላይ ግን መናገር ያስፈልጋል። ክብደት አንሺ ባሩን ከላይ የሚጥለው ዲስኩ ጎማ ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ የሰፈር ጂሞች ያላቸው የብረት ዲስክና የሲሚንቶ ወለል ነው። እዚያ ላይ መጣል ባሩን ያጎብጣል፣ ወለሉን ይሰነጥቃል። ስናች የሚሠራው ሰው የት ጥግ፣ በስንት ሰዓት መጣል እንደሚችል ከባለቤቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። ዴድሊፍት የሚሠራውም አይወርውር። ውድድር ላይ ባሩን በሁለት እጁ ይዞ ካላወረደ አይቆጠርለትም።