የታንክ ሞዴልና የአሻንጉሊት ወታደር ብልሽቶች፦ በጎጃም አየር ከምልክት ወደ መፍትሄ

ከጃፓን፣ ከጣሊያን ወይም ከእንግሊዝ በሚመጣ የታንክ ሞዴል ሳጥን ውስጥ ያለው የአሠራር መመሪያ በእኛ አየር ለሚሠራ ሰው ታስቦ የተጻፈ አይደለም። ታሚያ የተባለው ስመ ጥር አምራች የሚገኝባት ሺዙኦካ የባሕር ጠረፍ ከተማ ስትሆን፣ ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በክረምት እርጥበቱ ከቤት አይወጣም፣ በበጋ ደግሞ ቀለም ገና ሳይረጋ ይደርቃል። መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ ሠሪ ሥራው ሲበላሽበት ጥፋቱን በእጁ ላይ ያላክካል። እኔ ግን ከብልሽቶቹ የሚበዙት ከሁለት ምንጭ እንደሚነሡ አምናለሁ፤ አንዱ የተያዘውን ፕላስቲክ ዓይነት አለመለየት፣ ሌላው የምንሠራበትን አየር አለማገናዘብ ነው።

ቀለሙ ከወታደሩ ላይ እየተላጠ ሲወድቅ

በከረጢት የሚሸጠው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ወታደር በጥንቃቄ ተቀብቶ ካበቃ በኋላ፣ ጠመንጃው ወይም ክንዱ ትንሽ እንደተነካ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ብዙ ሰው ይህን በቀለሙ ጥራት ማነስ ያመካኛል፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ከሥር ያለው ፕላስቲክ ነው። እነዚህ ወታደሮች በአብዛኛው የሚሠሩት ፖሊኢትሊን ከተባለ ለስላሳና ሰም መሳይ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ገጹ ቀለምም ሆነ ማጣበቂያ አይዝም፤ በዚያ ላይ ፕላስቲኩ ሲለመጥ የደረቀው ቀለም አብሮት ስለማይለመጥ ይሰነጠቃል። የታንክ ሞዴል የሚሠራበት ፖሊስታይሪን በተቃራኒው ጠንካራና ቀለም የሚይዝ ነው፤ የሞዴል ማጣበቂያውም ሁለቱን ገጾች አሟሙቶ ያዋሕዳቸዋል።

ሁለቱን ለመለየት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ከወታደሩ መቆሚያ ላይ ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ፣ የአየር አረፋ እንዳይዝ በሳሙና ውሃ ከራሰ በኋላ ብርጭቆው ውስጥ ይጣላል። ከተንሳፈፈ ፖሊኢትሊን ነው። ከሰመጠና ሲታጠፍ እንደ ጎማ የሚለመጥ ከሆነ ፒቪሲ፣ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ደግሞ ፖሊስታይሪን ነው ለማለት ይቻላል። ይህ ፍተሻ ቀለም ከመገዛቱ በፊት ቢደረግ ብዙ ገንዘብና ድካም ያድናል።

ፖሊኢትሊን መሆኑ ከታወቀ ወታደሩ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየተፈተገ ይታጠባል፤ ከቅርጽ ማውጫው የቀረው ቅባት ካልወጣ ከዚህ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ነው። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይመከርም፤ ይህ ፕላስቲክ ከመለስለስ ይልቅ ጭረት ጭረት እያወጣ ይጎፍራል። ከደረቀ በኋላ የመኪና ባምፐር ከመቀባቱ በፊት የሚረጨው የፕላስቲክ ቀለም ማስያዣ ከተገኘ በስሱ ይረጭበታል፤ ካልተገኘ የእንጨት ኮላ በውሃ ቀጥኖ በብሩሽ ይቀባል፤ ኮላው ደርቆም መለመጥ ስለሚችል ከወታደሩ ጋር አብሮ ይተጣጠፋል። ከዚያ በውሃ የሚቀጥን አክሬሊክ ቀለም በስስ በስሱ ተደራርቦ፣ በመጨረሻ ቫርኒሽ ይለብሳል። ቫርኒሹ መቅረት የለበትም፤ ኮላ እርጥበት ሲያገኝ ተመልሶ ይላላልና።

ጭንቅላት ወይም ክንድ ለመለወጥም ደንቡ ያው ነው። ሱፐር ግሉ ብቻውን ፖሊኢትሊንን ለአጭር ጊዜ እንጂ አይዝም፤ ሁለቱም ወገን በቀጭን መሰርሰሪያ ተበስቶ፣ ሽቦ እንደ ችንካር ገብቶበት ሲጣበቅ ግን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ሳይወልቅ ይጓዛል።

የጎበጠ ጠመንጃ ወይም አፈሙዝ በፈላ ውሃ አልቃና ሲል

የታወቀው ዘዴ የጎበጠውን ክፍል በፈላ ውሃ ነክሮ፣ አቃንቶ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተት ነው። አንዳንዱ ወታደር በዚህ ሲቃና፣ የታንኩ መድፍ ግን ቢነከር ቢነከር እንደጎበጠ ይቀራል። ምክንያቱ ከፍታችን ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ ባሕር ዳር ላይ በ94፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ሙቀቱ አይጨምርም። ፒቪሲና ሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የሚጠነክር ሙጫ መሳይ ነገር) ከዚህ በታች ባለ ሙቀት ስለሚለሰልሱ እሺ ይላሉ፤ ፖሊስታይሪን የሚለሰልሰው ግን 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ ውሃችን ሊያገኘው አይችልም። እሳት ላይ በቀጥታ መያዝም መፍትሄ አይደለም፤ ቀጭኑ ክፍል ከመለስለስ አልፎ በቅጽበት ይቀልጣል።

ለታንክ አፈሙዝ የተሻለው መንገድ የጎበጠውን ቆርጦ መለወጥ ነው። ለመትረየስ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አዲስ የመርፌ ዘንግ እጅግ ይስማማል፤ ውጫዊ ስፋቱ 0.6 ሚሊ ሜትር የሆነው በ1 ለ 35 ምጣኔ፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ሲያንስ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አፈሙዝ ይሆናል፣ ቀዳዳውም እውነተኛ ቀዳዳ ነው። የሾለው ጫፍ በሞረድ መቆረጥና መደልደል አለበት። የፖሊኢትሊን ጠመንጃ ግን በሙቅ ውሃ ቢቃናም ጠባዩ ወደ ቀድሞው መመለስ ስለሆነ፣ ከቀጥተኛ ሽቦ ጋር በክር ታስሮ ተነክሮ፣ ሽቦው ሳይፈታ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መቆየት ይኖርበታል።

በክረምት ቫርኒሹ ሲነጣ፣ በበጋ ቀለሙ ሲሻክር

እነዚህ ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት ጫፎች ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ በስፕሬይ ሲረጭ፣ ጠቆር ያለው ታንክ ላይ ጉም የመሰለ ንጣት ይለብሳል። ከቆርቆሮው የሚወጣው ጋዝ አየሩን ስለሚያቀዘቅዝ፣ በእርጥበት የተሞላው የክረምት አየር ውሃውን በቀለሙ ላይ ያረግፋል፤ ውሃውም ቫርኒሹ ውስጥ ታስሮ ይደርቃል። መፍትሄው መፋቅ አይደለም። ፀሐይ የወጣበት ደረቅ ቀን ተጠብቆ፣ በእኩለ ቀን ገደማ የሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ በስሱ ሲደረብበት ንጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ ከዚያ የማያንጸባርቀው እንደገና ይረጫል። ከመረጨቱ በፊት ቆርቆሮውን ለብ ባለ ውሃ ማሞቅ ይጠቅማል፤ በፈላ ውሃ ግን ፈጽሞ አይሆንም፣ ሊፈነዳ ይችላልና። ዝናብ እያካፋ ቫርኒሽ ከመርጨት ሥራውን እስከ መስከረም ማቆየት ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ።

በጥርና በየካቲት ችግሩ ይገለበጣል። በኤርብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ ብዕር መሳይ መሣሪያ) የተረጨው ቀለም ገጹ ላይ ሲዳሰስ አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ይሻክራል፤ ይህም ጠብታዎቹ ታንኩ ላይ ሳይደርሱ አየር ላይ ስለሚደርቁ ነው። በሳሳ አየር ቲነርም ሆነ አልኮል ቶሎ ይተናል፣ የበጋው ድርቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ቀለሙ መመሪያው ከሚለው ትንሽ ይበልጥ መቅጠን፣ መድረቅን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ መጨመር፣ ርቀቱም ወደ 10 ሴንቲ ሜትር መጠጋት አለበት፤ የኮምፕሬሰሩ ግፊት ከ1 እስከ 1.5 ባር ቢሆን ይበቃል። አስቀድሞ የሻከረውን ገጽ በጣም በላመ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ ማለስለስ ይቻላል። በሁለቱም ወቅት መስኮት ተከፍቶ፣ አፍና አፍንጫ በጭንብል ተሸፍኖ መሥራት የግድ ነው።

የማጣበቂያው ቱቦ ሲከፈት ሲገነፍል

ቱቦው የታሸገው በዝቅተኛ ቦታ ከሆነ በውስጡ የታሰረው አየር ከእኛ አየር የበለጠ ግፊት አለው፤ ክዳኑ ሲበሳ ይገፋዋል። ጫፉ ወደ ላይ ቆሞ፣ በጨርቅ ተይዞ፣ ከሞዴሉ ርቆ መከፈት አለበት።

የታንኩ ሰንሰለት ከጎማዎቹ ላይ ተወጥሮ ሲንሳፈፍ

ቲ 55 በደርግ ዘመን በብዛት ወደ አገራችን የገባ ታንክ ስለሆነ ከሠሪዎቻችን ብዙዎቹ የሚጀምሩት በእሱ ነው። ይህ ታንክ በየጎኑ አምስት ትልልቅ ጎማዎች አሉት፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይታያል፤ ከላይ ሰንሰለቱን የሚደግፉ ትንንሽ ጎማዎች ግን የሉትም። ስለዚህ እውነተኛው ሰንሰለት በክብደቱ ረግቦ በጎማዎቹ ላይ ይተኛል፣ ከሳጥኑ የሚወጣው የለስላሳ ፕላስቲክ ሰንሰለት ግን ክብደት ስለሌለው እንደ ክራር አውታር ይወጠራል። ሰንሰለቱ ከተገጠመ በኋላ ከእያንዳንዱ ጎማ አናት ላይ በሱፐር ግሉ ጠብታ ተጣብቆ፣ እስኪይዝ ድረስ በስንጥርና በስፖንጅ ቁራጭ ተጭኖ መቆየት አለበት። ጎማዎቹ በቀለም መሸፈናቸውንም ማረጋገጥ ይገባል፤ ከአንዳንድ ለስላሳ ሰንሰለቶች የሚወጣው ማለስለሻ ቅባት ያልተቀባ ፖሊስታይሪንን በዓመታት ውስጥ ያሟሟል።

በተለጣፊው ምልክት ሥር ብርማ ንጣት ሲታይ

ሻካራ ገጽ ላይ ስለተለጠፈ አየር ታስሮበታል። በመርፌ ጫፍ ተወግቶ ተለጣፊውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይጠጣ፤ ለወደፊቱ ከመለጠፉ በፊት የሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ ይቀደም።

አሮጌ የእርሳስ ወታደር ነጭ ዱቄት ሲያወጣ

ይህ አቧራ ሳይሆን ብረቱ እየተበላ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከጥሬ እንጨት ቁም ሣጥን ወይም ከአዲስ ቫርኒሽ የሚወጣው አሲድ ያለበት ትነት ከክረምት እርጥበት ጋር ሲገናኝ እርሳሱን ይበላዋል። ዱቄቱ መርዝ ስለሆነ በጓንትና በጭንብል፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይወገድ፤ ወታደሩ ወደ መስታወትና ብረት መደርደሪያ ይዛወር፤ ልጆችም አይንኩት።

ዘማቾቹና ታንኩ መጠናቸው አልገጥም ሲል

የጎጃም ሠሪ ከምንም በላይ ሊሠራው የሚገባው ትዕይንት፣ በእኔ እምነት፣ የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ የመሩት ጦር በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ድል ያደረገበት ነው። ታንኮቹ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ የሚዞር ማማ የሌላቸው፣ መትረየሳቸው ወደፊት ብቻ የሚያይ ስለነበሩ ተዋጊዎቹ በጎንና በኋላ ሊቀርቧቸው ችለዋል። ስለዚህ ዘማቾቹን በታንኩ ፊት ለፊት መደርደር የውጊያውን ምሥጢር ያጠፋል።

ሠሪው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሲያቆም ሰዎቹ ከታንኩ በልጠው ይታዩታል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ትንሽ ወታደር ይለውጣቸዋል። ከመለወጡ በፊት ግን በማስመሪያ መለካት አለበት። ይህ ታንክ ቁመቱ 1.3 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.2 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1 ለ 35 ምጣኔ ከፍታው 3.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ 1.75 ሜትር የሚረዝም ሰው ግን በዚሁ ምጣኔ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ሰውዬው በላዩ አሻግሮ ቢያይ ትክክል ነው፣ መታረምም አያስፈልገውም። እውነተኛው ስሕተት 5.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑትን በ1 ለ 32 የተሠሩ ወታደሮች፣ ወይም 2.4 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑትን የ1 ለ 72 ወታደሮች መቀላቀል ነው። የመጀመሪያዎቹ ከታንኩ ራቅ ብለው ወደ ተመልካቹ ፊት ከቆሙ ልዩነቱ አይታወቅም፤ የኋለኞቹ ግን መውጣት አለባቸው።

የውጭ ወታደርን ወደ ዘማች መለወጥ ራሱን የቻለ ችግር ያመጣል። ጠመንጃው ያጥራል፤ ውጅግራ 1.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1 ለ 35 ወደ 3.7 ሴንቲ ሜትር መድረስ አለበት፣ በከረጢት ያለው ወታደር የያዘው ዘመናዊ ጠመንጃ ግን 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ከስንጥር ሰደፍ፣ ከሽቦ አፈሙዝ መሥራት ይቻላል። ጫማው በስለት ተልጦ፣ የእግር ጣት በሁለት ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ ሊጥ ይቀረጻል። ኩታው እንደ ኖራ ግድርድር ካለ ምክንያቱ የወረቀቱ ውፍረት ነው፤ ሶፍት ድርቡ ተነጥሎ አንድ ገጽ ብቻ፣ ኮላና ውሃ እኩል ተቀላቅሎ ሲነከር እጥፋቱ ይወርዳል። ጋቢ ከሆነ ሁለት ገጽ ይደረብ። ቀለሙ ንጹሕ ነጭ አይሁን፤ ነጩ ላይ ጥቂት ቡናማ ተጨምሮ፣ ንጹሑ ነጭ ለእጥፋቱ ጠርዝ ብቻ ይቆይ።

በጎጃም ምድር የተደረገውን የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ ለሚሠራ ሰው ማሳሰቢያ አለኝ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ የገቡበት ጦር አርበኞች፣ ጥቂት ሞርታርና እጅግ ብዙ ግመሎች እንጂ ታንክ አልነበረውም፤ የእንግሊዝ ታንክ እዚያ መቆም የለበትም።

እውነተኛ አፈር ድንጋይ ሲመስል ወይም ሲሻግት

ከደጃፍ የተዘገነ ቀይ አፈር ወይም ጥቁር ዋልካ በትዕይንቱ ላይ ሲነሰነስ ኮረት ይመስላል፤ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በ1 ለ 35 የ3.5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ናትና። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሥርና ቅጠል የቀላቀለው አፈር ኮላውን ተመርኩዞ ሻጋታ ያወጣል። አፈሩ በአሮጌ ምጣድ በደንብ ይታመስ፣ ይፈጭ፣ በናይለን ስቶኪንግ ይነፋ። በቀጠነ ኮላ ከተነሰነሰ በኋላ ሲደርቅ ስለሚጠቁር፣ ከዚያው የተነፋ ደረቅ አፈር በለስላሳ ብሩሽ በላዩ ይታበስበት። በታንኩ ላይ ግን ከሰንሰለቱና ከጭቃ መከላከያው በላይ አይውጣ።